የመኖ ቅልቅልን በሒሳብ መወሰን፦ ኦፕቲማይዜሽን ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂያችን በማኔጅመንት ተመርቀው በአንድ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ውስጥ በግዥና በምርት ዕቅድ ላይ ይሠራሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (ውሳኔን በሒሳብ የሚያጠናውን ትምህርት) ወስደዋል፤ ትዝ የሚላቸው ግን የሲምፕሌክስን፣ ማለትም በገደቦች መሐል ምርጡን መልስ የሚፈልገውን ዘዴ፣ ሠንጠረዥ በእጅ መሙላት ብቻ ነው። የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ በየሳምንቱ እየተለዋወጠ አስቸግሯቸዋል። “በግምት ከመቀላቀል በሒሳብ መወሰን እፈልጋለሁ፤ ካልኩለስ ልከልስ? ፓይተን ልማር? ወይስ በቀጥታ ማሽን ለርኒንግ ውስጥ ልግባ?” ይላሉ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ካልኩለሱ ይቆይ፤ ፓይተኑም ይቆይ። ለመጀመር የሚያስፈልግዎት ኤክሴል፣ የመኖ ግብዓቶች የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ እና ያለፉት ወራት የግዥ መዝገብ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ክፍል ውስጥ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው አፈታቱ ነው። ቢግ ኤም፣ የቮግል ዘዴ፣ ረድፍ ከረድፍ እያባዙ ማጥፋት፤ ፈተናውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ራሱ ግን ተበጥሮና ተለቅሞ ይቀርባል፦ “አንድ ፋብሪካ ወንበርና ጠረጴዛ ያመርታል፤ ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ጣውላ አለው።” ሥራ ላይ እንዲህ አድርጎ የሚያቀርብልዎት የለም። ሥራ አስኪያጁ “ወጪ ይቀነስ” ይላሉ፤ የእንስሳት ሐኪሙ “ፋጉሎ አታብዙ” ይላል፤ ግዥ ክፍሉ “አኩሪ አተር ከገበያ ጠፍቷል” ይላል፤ መጋዘኑ “ቦታ የለኝም” ይላል። ከዚህ ሁሉ መሐል የምንወስነው ነገር የቱ ነው፣ ልንጥሰው የማንችለው ገደብ የቱ ነው፣ የምንለካበት ግብ የቱ ነው ብሎ መለየት ነው ሙያው። መፍታቱን ማሽን ከተረከበው ቆይቷል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ቅደም ተከተል ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ችግርን መጻፍ፣ ቀጥሎ ውጤትን ማንበብ፣ ሲምፕሌክስ ውስጡን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ያውም ካማረዎት።

የእርስዎ ጥያቄ በዚህ ሙያ ውስጥ አንጋፋ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ሁሉ አሟልቶ በዓመት በትንሹ በስንት ብር ሊመገብ ይችላል ብሎ ጠይቆ ነበር። 77 የምግብ ዓይነቶችና 9 የንጥረ ነገር መስፈርቶች ነበሩት፤ በሙከራና በብልሃት የደረሰበት መልስ በ1939 ዋጋ 39.93 ዶላር ሆነ። ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 የሲምፕሌክስን ዘዴ ሲያወጣ፣ በጃክ ላደርማን የሚመራ ቡድን ይህንኑ ጥያቄ በጠረጴዛ የሒሳብ መኪና ሠራው። 120 የሰው ቀን ያህል ፈጅቶ 39.69 ዶላር ወጣ። ስቲግለር ያለ ዘዴው የሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ልምድ ያለው የመኖ ቀላቃይ ብዙም እንደማይስት ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን ይዘው ሲመጡ ሰውየውን ለማሳጣት አይሁን። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ዳንትዚግ በራሱ ላይ ያደረሰው ደግሞ ይብሳል። በ1950ዎቹ ሐኪም ክብደት እንዲቀንስ መክሮት የራሱን ምግብ በኮምፒዩተር ሊመርጥ ተነሣ። እንዳይርበው የምግቡ ክብደት፣ ውሃው ሲቀነስ፣ የቻለውን ያህል ይብዛ አለ። ማሽኑ ካዘዘለት ውስጥ 500 ጋሎን ኮምጣጤ ተገኘ፤ ሠንጠረዡ ላይ ኮምጣጤ ውሃ እንደሌለው ሆኖ ተመዝግቦ ኖሯል። ኮምጣጤውን ሰርዞ ሲያስኬደው በቀን 200 የሾርባ ኩብ መጣ፤ ጨው ላይ ጣሪያ ያስቀመጠ ሰው አልነበረማ። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተባለውን ነው የሠራው። ሞዴል መጻፍ የሚለመደው እንዲህ ነው፦ ትጽፋላችሁ፣ የሚያስቅ መልስ ይመጣል፣ የረሳችሁትን ገደብ ትጨምራላችሁ።

አሁን ወደ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችዎ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በራስዎ ገበያ ይተኳቸው። የንጥረ ነገሩም መጠን የተጠጋጋ ነው።

አንድ ኩንታል መኖ ውስጥ 9 ኪሎ ኖራ፣ 1 ኪሎ ደግሞ ጨውና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) አስቀድመው ገብተዋል እንበል። ቀሪውን 90 ኪሎ ከአራት ነገሮች እናሟላለን። በቆሎ ፕሮቲኑ 8.5 በመቶ፣ ኢነርጂው በኪሎ 3,300 ኪሎ ካሎሪ፣ ዋጋው 40 ብር። የተቆላ አኩሪ አተር 37 በመቶ፣ 3,300፣ 80 ብር። ፉርሽካ 15.5 በመቶ፣ 1,700፣ 24 ብር። የኑግ ፋጉሎ 31 በመቶ፣ 2,000፣ 32 ብር።

ገደቦቹ፦ አራቱ ተደምረው 90 ኪሎ ይሁኑ፤ ፕሮቲኑ ከ16 ኪሎ አይነስ፤ ኢነርጂው ከ270,000 ኪሎ ካሎሪ አይነስ፤ ፋጉሎው ፋይበሩ ብዙ ስለሆነ ከ12 ኪሎ አይብለጥ፤ ማንኛውም ከዜሮ በታች አይውረድ። ግቡ ጠቅላላ ወጪውን ማሳነስ። በቃ፣ ይህ ነው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው። ኤክሴል ላይ አራት የሚለወጡ ሴሎች፣ ሦስት የድምር ቀመሮች፣ አንድ የወጪ ሴል ይበቁታል።

ሶልቨሩ፣ ማለትም ኤክሴል ውስጥ ያለው ፈቺ መሣሪያ፣ የሚያወጣው በቆሎ 52.8፣ አኩሪ አተር 18.1፣ ፉርሽካ 7.1፣ ፋጉሎ 12 ኪሎ ነው፤ ወጪው 4,113 ብር። እባክዎ በካልኩሌተር ያረጋግጡት። ፕሮቲኑ ልክ 16፣ ኢነርጂው ልክ 270,000 ላይ ያርፋል። በዚህ ዓይነት ችግር ውስጥ ጥሩ መልስ ሁልጊዜ ከገደቦች ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቁጥሩን ገልብጦ ወደ መቀላቀያው ይሄዳል። እኔ ግን ዋናው ነገር ገና አልተነካም ባይ ነኝ። ሶልቨሩ ሲጨርስ የሴንሲቲቪቲ ሪፖርት ይሰጣል፤ እሱ ላይ ለእያንዳንዱ ገደብ የጥላ ዋጋ፣ ሻዶው ፕራይስ የሚሉት፣ ተጽፎ ያገኛሉ። በእኛ ምሳሌ የአንድ ኪሎ ፕሮቲን የጥላ ዋጋ 140 ብር ገደማ ነው። መስፈርቱን ከ16 ወደ 17 ቢያሳድጉት ኩንታሉ በ140 ብር ይወደዳል ማለት ነው፤ ወደ 15.5 ቢያወርዱት 70 ብር ይቀንሳል። እንግዲህ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ሲከራከሩ “ግማሽ በመቶ ብትቀንስልኝ ኩንታሉ ላይ 70 ብር ይተርፈኛል፤ እንቁላል ላይ ምን እንደማጣ ንገረኝ” ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ ወደ ብር ይገባል።

የፋጉሎው ጣሪያ የጥላ ዋጋ ደግሞ 18.60 ብር ነው፦ ከ12 ወደ 13 ኪሎ ቢፈቀድ ያን ያህል ይተርፋል። ጣሪያውን ጭራሽ ቢያነሡትስ? ማሽኑ 20.8 ኪሎ ፋጉሎ ይከትና ፉርሽካውን ያስወጣል፤ ወጪው ወደ 3,950 ብር ይወርዳል። በወረቀት 163 ብር ትርፍ፣ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ግን የዳንትዚግ ኮምጣጤ።

ለግዥ ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የሚከተለው ይመስለኛል። ነገ አንድ ነጋዴ የሰሊጥ ፋጉሎ ይዞ ቢመጣ፣ ፕሮቲኑ 40 በመቶ፣ ኢነርጂው 2,200 ቢሆን፣ እስከ ስንት ብር ቢገዙት ያዋጣል? የጥላ ዋጋዎቹን ይዘው ያለ ኮምፒዩተር ይመልሱታል። ኢነርጂ በ1,000 ኪሎ ካሎሪ 16.14 ብር ስለሚያወጣ 2.2 ጊዜ 16.14፣ ማለትም 35.5 ብር። ፕሮቲኑ 0.4 ጊዜ 140.35፣ ማለትም 56.1 ብር። ከዚህ ላይ ኩንታሉ ውስጥ የሚይዘው ቦታ (የ90 ኪሎው ገደብ የጥላ ዋጋ) በኪሎ 25.2 ብር ያስከፍላል። ሲጣጣ 66.40 ብር ገደማ ይቀራል። ነጋዴው 60 ብር ካለ ይግዙ፤ 70 ካለ ያሰናብቱት። ነጋዴው ስለ ዕቃው ጥራት የሚያወራው ወሬ እዚህ ላይ አይገባም። ልብ ይበሉ፣ ይህ ዋጋ የሚሠራው ለመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ነው፤ ብዙ ሲገባ ሌሎቹ ሚዛኖች ስለሚለወጡ እንደገና ማስኬድ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ የጥላ ዋጋው እስከ የት ድረስ እንደሚያገለግልም አብሮ ይነግርዎታል።

ይኸው ዘዴ የላቦራቶሪን ጥያቄም ይመልሳል። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን ከመጭመቂያ መጭመቂያ ይለያያል። እርግጠኛ ስላልሆኑ በ31 ፈንታ 29 በመቶ ብለው ቢያስገቡ፣ 12 ኪሎው ላይ 0.24 ኪሎ ፕሮቲን ይጎድላል፤ በ140.35 ሲባዛ 34 ብር ገደማ። በቀን 200 ኩንታል የሚያመርት ከሆነ በየቀኑ 6,800 ብር የሚከፍሉት ለጥርጣሬ ነው። የምርመራውን ክፍያ ከዚህ ጋር ያስተያዩት።

አሁን ጀማሪን የሚጥሉ ጥቂት ነገሮች። የመጀመሪያው የኤክሴል ነው፦ ሶልቨር ሲከፈት የሚመርጠው ዘዴ ጂአርጂ ነንሊኒየር ነው፤ ወደ ሲምፕሌክስ ኤልፒ ይቀይሩት። ካልቀየሩት መልስ ይሰጥዎታል፣ የጥላ ዋጋውም በሌላ ስም ይወጣል፣ ነገር ከጠመመ ግን ሳያውቁት ያልፋል። ሁለተኛው ማካፈል ነው። “አማካይ ኢነርጂ ከ2,700 አይነስ” ሲባል ብዙ ሰው ጠቅላላ ኢነርጂውን ለጠቅላላ ኪሎ የሚያካፍል ቀመር ይጽፋል። ተለዋዋጭ ለተለዋዋጭ ሲካፈል ደግሞ ችግሩ መስመራዊ መሆኑ ይቀራል፣ ሲምፕሌክስም አልፈታም ይላል። ግራና ቀኙን በኪሎው አባዝተው ይጻፉት። ቀመሮቹ ውስጥ “ኢፍ” እና “ማክስ” ካስገቡም ውጤቱ ያው ነው።

ሦስተኛው ከሒሳብ ውጪ ነው፣ ብዙ ገንዘብ ሲያስከፍል ያየሁትም እሱ ነው። የንጥረ ነገር ሠንጠረዦች አንዳንዶቹ የተጻፉት በደረቅ ቁስ፣ ሌሎቹ ዕቃው እንዳለ ተመዝኖ ነው። ፋጉሎው በደረቅ ቁስ 34 በመቶ ተብሎ ተጽፎ እርጥበቱ 8 በመቶ ከሆነ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው 31.3 በመቶ ነው። በቆሎውን ከአንዱ፣ አኩሪ አተሩን ከሌላው ሠንጠረዥ የወሰደ ሰው ሞዴሉ ልክ ሆኖ ዶሮዎቹ እንቁላል ይቀንሱበታል፤ ጥፋቱን ፍለጋ ደግሞ ሶልቨሩን ሲመረምር ይከርማል።

“መፍትሔ የለም” የሚል መልዕክት ሲመጣ አይደንግጡ። ከላይ ያለውን ምሳሌ ያለ አኩሪ አተር ቢያስኬዱት ይህንን ነው የሚልዎት፤ ኢነርጂውን እያሟሉ በ12 ኪሎ ፋጉሎ ሊደርሱበት የሚችሉት ፕሮቲን 11 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ጊዜ “የጎደለ ፕሮቲን” የሚል አምስተኛ ተለዋዋጭ ይጨምሩና በጣም ውድ ዋጋ ይስጡት። ሶልቨሩ ዝም ከማለት ይልቅ “5 ኪሎ ይጎድልሃል” ይላል፤ ይህ ለሥራ አስኪያጅ የሚቀርብ መልስ ነው።

ቅልቅሉ ከተገራ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በቁርጥራጭ የማይሄድ ነገር ነው። መኪና 1.1 አይከራይም። 110 ኩንታል ወደ ደንበኛ ማድረስ አለብዎት እንበል፤ 100 ኩንታል የሚጭነው መኪና 10,000 ብር፣ 50 ኩንታል የሚጭነው አይሱዙ 5,500 ብር ይጠይቃል። መስመራዊው ሞዴል በኩንታል ርካሹን ትልቁን መርጦ 1.1 መኪና ይላል። ወደ ላይ ሲያጠጋጉት ሁለት ትልልቅ፣ 20,000 ብር። አንድ ትልቅና አንድ አይሱዙ ግን 15,500 ብር ብቻ ነው። ማጠጋጋት አያዋጣም የሚባለው በዚህ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ አለ። አይልሳ ላንድ እና አሊሰን ዶይግ በ1960 ያወጡት ቅርንጫፍ እየከፈሉ የመፈለግ ዘዴ ዛሬም የሶልቨሮቹ መሠረት ነው። ኤክሴል ላይ ሴሉን “ኢንት” ማለት ይበቃል። የጥላ ዋጋ ሪፖርቱን ግን በዚህ ጊዜ አይሰጥም። “ይህን መጋዘን እንከራይ ወይስ አንከራይ” የሚለው አዎ ወይም አይ ውሳኔም በዜሮና በአንድ ተለዋዋጭ የሚገባው እዚሁ ውስጥ ነው፤ እኔ የኦፕቲማይዜሽን ጉልበት በደንብ የሚታየው እዚህ ነው እላለሁ፣ የሰው ግምት በጣም የሚስተውም እንዲሁ።

ሦስተኛ ሞዴልዎ የጊዜ ይሁን። በቆሎ በመኸር ማግሥት ይረክሳል፣ ክረምቱ ውስጥ ይወደዳል፤ መቼ ስንት ገዝቶ ማከማቸት? አንድ የወር ቀመር ነው የሚጨመረው፦ የዚህ ወር ማብቂያ ክምችት ካለፈው ወር ክምችት ላይ የተገዛው ተደምሮ የዋለው ሲቀነስ ነው። የመጋዘን ጣሪያ፣ የባንክ ወለድ፣ በነቀዝ የሚጠፋው መቶኛ ይገቡበታል። ከገንዘብ ፍሰት ገደብ ጋር ሲጣመር የግዥ ዕቅድ የሚባለው ሌላ አይደለም።

ፓይተንን የሚያስፈልግ የሚያደርገው ይህ ነው። የኤክሴል ሶልቨር 200 ተለዋዋጭ ላይ ይቆማል፤ አሥራ ሁለት ወር በስድስት ግብዓት በሦስት የመኖ ዓይነት ሲባዛ 216 ሆነ። ገንዘብ ሳያወጡ መሻገር ከፈለጉ ኦፕንሶልቨር የሚባለው ነፃ ተጨማሪ ከዚያው ኤክሴል ሳይወጡ ትልልቁን ይፈታል። ፓይተን ሲጀምሩ ሞዴል መጻፊያው ፐልፕ ለጀማሪ ለስላሳ ነው፤ ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ውስጥ ያለው ሃይስ ደግሞ በነፃ ከሚገኙት ሶልቨሮች ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ጉሮቢና ሲፕሌክስ የተባሉት የንግድ ሶልቨሮች ውድ ናቸው፣ ለተማሪና ለመምህር ግን በነፃ ይሰጣሉ፤ ለእርስዎ ዓይነት መጠን አያስፈልጉም።

ካልኩለስ የሚመጣው ነገሩ መስመራዊ መሆኑን ሲያቆም ነው፦ መኖው ሲጨምር እንቁላሉ እየቀነሰ የሚሄድ ጭማሪ ሲያሳይ፣ ወይም ዋጋን ራስዎ ሲወስኑ። ያኔም ቢሆን ብዙው በቁርጥራጭ መስመሮች ይጠጋጋል። አሁን የሚፈለገው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል አለመመጣጠን (“አይነስ”፣ “አይብለጥ” የሚሉት አገላለጾች) እና የድምር ምልክት ማንበብ ነው።

ማሽን ለርኒንግን በተመለከተ ሁሉም ስለገባበት ከሆነ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ፤ ያውም በዶሮ መኖ ቤት። እሱ የሚተነብይ ነው፦ በሚቀጥለው ወር በቆሎ ስንት ይገባል፣ ስንት ኩንታል ይሸጣል። በተተነበየው ቁጥር ስንት ይገዛ የሚለውን አይወስንም። የዋጋ ግምትዎ ሦስት አማራጭ ቢኖረው ሞዴሉን ሦስት ጊዜ አስኪደው ውሳኔው የማይለወጥበትን ክፍል መለየት ለጊዜው ይበቃል።

እና አሁን ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ? ያለፉትን ሦስት ወራት የቅልቅል መዝገብ ያውጡ። በየሳምንቱ የነበረውን ዋጋ አስገብተው ሞዴሉ ምን ይል እንደነበር ይዩ፤ በእርግጥ ከተቀላቀለው ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ 1 ወይም 2 በመቶ ከሆነ የሚታመን ነው። ሞዴሉ 15 በመቶ እቆጥባለሁ ካለዎት ለሥራ አስኪያጁ ከማሳየትዎ በፊት መቀላቀያው ላይ የሚሠራውን ሰው ያማክሩት፤ እሱ የሚያውቀው፣ እርስዎ ያልጻፉት ገደብ አለ ማለት ነው።